የሚሰማ ገጽ

ታላቅ እህቴ ፀጋ ያረፈች ቀን እኔ መገናኛ፣ የምሠራበት ኮፒ ቤት ውስጥ የአንድ ሰውዬ ዲግሪ ላሚኔት እያደረግኩ ነበር። አጎቴ ደወለ። «ታምራት፣ ሱቁን ዝጋና ና» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሰውየው ዲግሪው ከማሽኑ እስኪወጣ ቆሞ ጠበቀ። እኔም አብሬው ጠበቅኩ። ጠርዙን በመቀስ አስተካክዬ ሰጠሁት፣ ከዚያ ዘጋሁ። ለምን እንደዚያ ተረጋግቼ እንደጨረስኩ እስካሁን አላውቅም። ምናልባት የያዝኩት እስኪያልቅ ድረስ ምንም ያልሆነ መስሎኝ ይሆናል።

ልቧን ከልጅነቷ ጀምሮ ያማት ነበር። ሐኪሞቹም ነግረውን ነበር። ያም ሆኖ አልጠበቅኩም።

ስለ እሷ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። መጻፍ አልለመድኩም፤ የተማርኩትም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ለቅሶ ላይ ሰዎች «ደግ ነበረች፣ የጸሎት ሰው ነበረች» ሲሉ ሰማሁ። እውነታቸውን ነው። ግን እኔ ፀጋን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሌላ ነገር ነው። ጣቷ ነው። ኮምፒውተር ላይ ኢንተር ከሚባለው ቁልፍ በላይ፣ ሳትነካው፣ አየር ላይ ያቆመቻት የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት።

ቢሮዋ ከኮፒ ቤቱ ብዙም አይርቅም፤ ወደ ሲግናል በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ነው። ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኩትን የስልክ መልእክት የሚያደርስ ትንሽ ድርጅት ነው። «ነገ የወላጆች ስብሰባ አለ»፣ «ልጅዎ ዛሬ አልመጣም»፣ እንደዚህ ያለውን። የሚልከውን ፕሮግራም የጻፈችው ፀጋ ነበረች፤ የምትልከውም እሷ። እኔ ሥራ ስጨርስ ወደ እሷ እወጣለሁ፤ እሷ እስክትጨርስ አጠገቧ እቀመጥና አብረን ወደ መሪ፣ ወደ ኮንዶሚኒየማችን እንሄዳለን። መስኮቷ ወደ እንጦጦ ነው የሚያየው። ስታስብ ተራራውን ታያለች። ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር ታወልቃለች። ሊፍቱ በሠራ ቀን እንኳ ፎቁን በእግሯ ለመውጣት ትሞክር ነበር፤ መሃል ላይ ቆማ «ቆይ፣ ላንብበው» ትለኛለች። ደክሞኛል ብላ አታውቅም። ልክ ደረጃው ላይ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል።

የሌሎቹ ሠራተኞች ኮምፒውተር ላይ ብዙ መስኮት ይከፈታል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ባለ ቀለም። የፀጋ ላይ ግን አንድ ነጭ ገጽ ብቻ ነበር። ፊደል ብቻ። ኮፒ ቤት ሰው ማመልከቻ ሲያስተይበኝ የምከፍተውን ገጽ ይመስላል። ይሄ ምንድነው ብዬ ጠየቅኳት።

«ኤዲተር ነው። ጽሑፍ መጻፊያ።»

«ሥራውስ?»

«እዚሁ ውስጥ ነው።»

አልገባኝም። እሷ ደግሞ አልገባኝም ስትላት ደስ ይላታል። ወንበሩን ወደ እኔ አዞረች። ሼል የሚባል ነገር አለ አለችኝ፤ ማሽኑን በጽሑፍ የምታዝበት ቦታ ነው፤ ትጽፋለህ፣ ኢንተር ትላለህ፣ እሱም በጽሑፍ ይመልስልሃል። ሌሎቹ ያንን ጥቁር መስኮት ለብቻው ይከፍቱታል። እዚያ ውስጥ አንዴ ያልከው ነገር ወደ ላይ ይሄዳል፣ ታየዋለህ እንጂ አትደርስበትም። እሷ ግን ሼሉን ኤዲተሩ ውስጥ አስገብታዋለች። ስለዚህ ያዘዘችውም፣ ማሽኑ የመለሰላትም፣ ሁሉም ገጽ ላይ የሰፈረ ጽሑፍ ነው። ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ ትፈልጋለች፣ ትቆርጣለች፣ ከጎኑ ትጽፍበታለች። መስመር መጀመሪያ ላይ መሰላል የምትመስለውን ምልክት ካደረገች ደግሞ ማሽኑ አይሰማትም፤ ለራሷ ነው የምታወራው። እንደዚህ እያለች ከማሽኑ ጋር ስትነጋገርና ለራሷ ስታጉረመርም ትውላለች፤ በአንድ ገጽ ላይ።

አብሯት የሚሠራው ዮናስ ይቀልድባት ነበር። «ፀጊ፣ ሰው ኩሽና ውስጥ አልጋ ያስገባል?» ይላታል።

«ካልተነሳሁ ምን ቸገረኝ?» ትለዋለች፣ ሳትዞር።

እኔ ሥራዋን ሁሉ ገባኝ አልልም። ግን ማየት እወድ ነበር። ትእዛዙን ትጽፋለች፣ ጣቷን ከኢንተር በላይ ታቆማለች፣ መስመሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፅ አውጥታ ታነበዋለች፣ እንጦጦን አንዴ ታያለች፣ ከዚያ ትጫናለች። ሁልጊዜ እንደዚሁ። ዮናስ ይሄንንም ይቀልድበታል፤ ምግብ ሲቀርብ የምትጸልየው አነሰና ለኮምፒውተርም ጀመረች ይላል። በኋላ ግን አልቀለደም። ለምን እንዳቆመ ልንገራችሁ።

ዮናስ አዲስ የገባ ሰሞን ነው። ፀጋ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስለነበራት ማሽኗን ለእሱ ትታ ሄደች። እሱም ገጹን ወደ ላይ እየሄደ አሠራሯን ያጠና ጀመር። አንድ ቦታ ሁለት መስመር ተጣብቀው አየ። ዓይኑን ሳይረብሸው አልቀረም፤ ሊያራርቃቸው ፈለገ። ሰው ጽሑፍ ሲያራርቅ ምን ያደርጋል? ኢንተር ይላል። እሱም አለ። ያ መስመር ግን ፀጋ ድሮ ለአንድ ትምህርት ቤት የላከችው ትእዛዝ ነበር። «ነገ ትምህርት የለም» የሚል። እንደገና ሄደ። በሳምንቱ መሃል፣ ለሁሉም ወላጅ።

ስልኩ አላቆመም አሉ። ፀጋ ክንዷ ላይ ጥጥ እንደተለጠፈ ስትመለስ ዮናስ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ማሽኑን ሊነካው ፈርቶ። ተቀመጠች፣ ማስተካከያውን ጻፈች፣ አነበበች፣ ላከች። ከዚያ ሳቀች። እስክታስል ሳቀች። እኔ ማታ ስመጣ ገና አልጨረሰችም ነበር። ለዮናስ ያለችውን ለእኔም ደገመችልኝ።

«ይሄ ገጽ ወረቀት ይመስላል። ግን ይሰማል። የትም ቦታ ቆመህ ኢንተር ካልክ፣ ያለህበትን መስመር እንደ አዲስ ትእዛዝ ይወስደዋል። የባለፈው ዓመትም ቢሆን።»

አደገኛ ከሆነ ለምን በዚህ ትሠሪያለሽ አልኳት። እንጦጦን አየች። የድሮውን መልሼ ማግኘት ስለምወድ ነው አለች። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር አሳየችኝ፤ የድሮ መስመር ላይ ቆመህ ሌላ ቁልፍ ከነካህ መስመሩ ተቀድቶ ገጹ መጨረሻ ላይ ይወርዳል፤ አይላክም፣ ይጠብቅሃል። «የድሮውን እዛው ተወው» አለችኝ። «ወደ ታች ቅዳና እዚያ አስተካክል። ከዚያ አንብበው። ከዚያ ላክ።»

አሁን ስለ እናታችን መልእክት ልናገር። ዋናው እሱ ነው።

እናታችን አማረች አመሻሽ ላይ የጸሎት ቡድኗ ጋ ስለምትሆን ስልክ አታነሳም። ከመገናኛ ወደ መሪ ያለውን የታክሲ ሰልፍ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ፀጋ ከቢሮ ስትወጣ ከዚያው ገጽ ለእማ መልእክት ትልክ ነበር። አለቃዋ አቶ ደረጀም ያውቁ ነበር፤ ፈቅደውላታል። ታዲያ በየቀኑ አዲስ አትጽፍም። ገጹ ውስጥ «እማ» ብላ ትፈልጋለች፣ የትናንቱ መስመር ላይ ታርፋለች፣ ጣቷን ታቆማለች፣ ታነበዋለች፤

«እማ፣ ወጣሁ። ሽሮውን ጣጂው። ፀጋ።»

ትጫናለች። ከሥሩ «ተልኳል» ይላል። ከዚያ ማሽኑን ሳታጠፋ ክዳኑን ብቻ ትገጥመዋለች። እማ ስልኳ ላይ «ፀጋ ቢሮ» ብላ መዝግባዋለች። ከጸሎት ተመልሳ መልእክቱን ስታገኝ መነጽሯን ታደርጋለች፣ ታነባለች፣ ትጥዳለች። እኛ በር ስንከፍት ሽሮው ይንተከተካል። ያለ ነጭ ሽንኩርት። ፀጋ ነጭ ሽንኩርት ሆዷን ይነፋታል፤ በቤታችን ከተረሳ ስንት ዘመኑ። እኔ አጉረመርም ነበር፤ የሚሰማኝ አልነበረም።

አንድ ቀን «እኔስ? ወጣን በይ እንጂ» አልኳት።

«ባንተ እርግጠኛ አይደለሁም» አለች። «ኮንዶሚኒየም ሜዳ ላይ ኳስ ካየህ ትቀራለህ። የራስህን ራስህ ላክ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ወደ እንጦጦ እንወጣ ነበር። ሩቅ አንሄድም። ባሕር ዛፉ ውስጥ እንገባለን፣ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ መንገድ እንለቃለን፣ እሷ «ላንብበው» እያለች ትቆማለች፣ እኔ ሳላይ እንዳየሁ ሆኜ እጠብቃለሁ። አንድ ጊዜ ግንድ ላይ ተቀምጠን ከተማውን እያየን አንድ የከነከነኝን ጠየቅኳት። ፀጋ የሚደጋገም ሥራን በእጇ አትሠራም፤ ማሽኑ በራሱ እንዲያደርገው ታዘዋለች። ለሠራተኛው እንኳ መልካም ልደት የሚለው ማሽኑ ነው። የእማን ታዲያ ለምን በየቀኑ በጣት? በሰዓት አስሪውና ይሂድ።

መልስ ለመስጠት ቆየች። ትንፋሿን እየሰበሰበች ይሁን እያሰበች አላውቅም።

«ሳልወጣ ወጣሁ ይላታላ» አለች። «ሥራ ይበዛል፣ እቆያለሁ፣ እሱ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ወጣሁ ይላል። እማ ሽሮ ስትጥድ እኔ ጫማዬን አድርጌ መሆን አለበት። ካለዚያ ምን መልእክት ነው? ሌላው ሁሉ በራሱ ይሂድ። ይሄ በጣት ነው።»

ከዚያ ተነስተን ወረድን። ሌላ የተለየ ነገር አልተናገረችም።

ካረፈች በኋላ እማ ድስት አልጣደችም። የለቅሶው ሰሞን ጎረቤትና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ምግብ ያመጡ ነበር። ሰው ሲበተን ግን እኔና እሷ ዳቦ በሻይ መብላት ጀመርን፤ አንዳንዴ እሱንም እሷ ትተወዋለች። የጸሎት ቡድኗ ጋ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ትቀመጣለች። ልሥራልሽ ስላት «አልራበኝም» ትለኛለች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሲሰፋ አያለሁ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

አንድ አመሻሽ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኳ ጮኸ። መነጽሯን አደረገች። እማ ስታነብ ፊደል በፊደል፣ ድምፅ አውጥታ ነው።

«እማ… ወጣሁ። ሽሮውን… ጣጂው። ፀጋ።»

እጄ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። እንዳልጥለው ነው። እማ ስልኩን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ምድጃውን ለኮሰች።

«እማ፣ ስህተት ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጣጂው ተባልኩ። እየጣድኩ ነው።»

ሽሮው ሳይበስል በሩ ተንኳኳ። ዮናስ ነው። ደረጃውን በሩጫ ስለወጣ ያልበዋል፤ የቢሮውን መታወቂያ ከአንገቱ አላወለቀም። በሩ ላይ ቆሞ ከመሬት ዓይኑን አላነሳም። ነገሩን የተናገረው እየተደናቀፈ ነው። ሥራዋን ተረክቦ ገጿ ውስጥ አንድ ነገር ሲፈልግ ነበር። ፍለጋው ሲያልቅ ኢንተር ይባላል፣ ይዘጋል። አንዴ ነው የሚባለው። እሱ ቸኩሎ ደገመው። ሁለተኛው ያረፈበትን መስመር ላከው። «ተልኳል» የሚለውን ሲያይ የትኛው መስመር እንደሆነ አነበበ፤ ከዚያ ታክሲ ሰልፍ መጠበቅ ስላልቻለ ግማሹን መንገድ በእግሩ መጣ።

«እማማ አማረች፣ ይቅር ይበሉኝ። አንዴ ተሳስቼ እሷ አስተምራኝ ነበር። እያወቅኩ…»

«ልጄ፣ የምትለው ነገር አይገባኝም» አለችው እማ። ማማሰያውን እንደያዘች ነው። «ልጄ መሞቷን አውቃለሁ። ዓይኗን የከደንኩት በዚህ እጄ ነው። ያ መልእክት ሲመጣ ግን ሽሮ እጥዳለሁ። እጄ የለመደው እሱን ነው። ግባ፣ ጫማህን አታውልቅ፣ ብላ።»

በላ። እያለቀሰ በላ። እማም በላች። ከቀብሩ ወዲህ ሙሉ ሳህን ስትበላ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሽሮው እንደ ድሮው ነበር፤ ያለ ነጭ ሽንኩርት።

ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ከማግስቱ ጀምሮ እማ አመሻሽ ላይ ስልኳን ጠረጴዛው መሃል ታስቀምጣለች። ዱቄቱንና ድስቱን አዘጋጅታ ትቀመጣለች። ስልኩ አይጮህም። ሲመሽ ድስቱን ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። «ዛሬም አልራበኝም» ትላለች። አትጠብቂ ስላት እየጠበቅኩ አይደለም ትለኛለች፤ እንደማይመጣም ታውቃለች። ግን ድስቱ ይወጣል፣ ድስቱ ይመለሳል። እየከሳች ሄደች።

ለዮናስ ነገርኩት። ምሳ ሰዓት ኮፒ ቤት መጥቶ ነበር። እኔ ራሴ ያሰብኩትን አለኝ፤ ያንን መስመር በሰዓት እናስረው። በየቀኑ በምትወጣበት ሰዓት ይሂድ። እሷ በጻፈችው ቃል፤ እማም ይበላሉ። ቀላል ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

እሺ ልለው ነበር። ረሀብ ቀልድ አይደለም፤ እናቴ ናት። ግን ግንዱ ላይ ተቀምጣ ያለችኝ መጣብኝ። ሳልወጣ ወጣሁ ይላታላ። እንደዚያ ብናደርግ ፀጋ በሕይወቷ ያልላከችውን ዓይነት መልእክት በስሟ ልንልክ ነው። ዮናስን ላስብበት አልኩት።

ብዙ ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። አቶ ደረጀ ደወሉልኝ። በትሕትና ነው ያናገሩኝ። ማሽኑ ለአዲስ ሠራተኛ ሊሰጥ ነው፤ ከመጽዳቱ በፊት መጥተህ የምትፈልገው ካለ ውሰድ አሉኝ። ያን ቀን ከሥራ ስወጣ ወደ አምስተኛ ፎቅ ወጣሁ። በእግሬ። መሃል ላይ ቆምኩ። የሚነበብ ነገር አልነበረም።

ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ዮናስ አጠገቤ ቆመ፤ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ለጥንቃቄ ነው» አለኝ።

ክዳኑን ከፈትኩት። ገጹ እንዳለ ነው። ትእዛዝ፣ መልስ፣ ትእዛዝ፣ መልስ። በመሃል በመሃል ያቺ መሰላል የምትመስል ምልክት ያለችባቸው፣ ማሽኑ የማይሰማቸው የራሷ ወሬዎች። «ይሄ ለምን እምቢ አለ?» ይላል አንዱ። ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ይቅርታ።» ማሽኑን ነው ይቅርታ የጠየቀችው። ሌላ ቦታ፣ «ዝናብ መጣ። ታሜ ጃንጥላ አልያዘም።» ከዚህ የበለጠ ነገር አላገኘሁም፤ የፈለግኩትም የለም። ቀኑን ሙሉ ምን ስትል እንደምትውል ነበር የጓጓሁት፤ ይሄንን ነበር የምትለው።

«እማ» ብዬ ፈለግኩ። መስመሩ ላይ አረፈ። ፍለጋውን ዘጋሁት፤ አንዴ ብቻ። ዮናስ ሲተነፍስ ተሰማኝ። ትንሿን ጣቴን ከኢንተር በላይ አቆምኩ። ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት። እማ፣ ወጣሁ። ሽሮውን ጣጂው። ፀጋ።

መጫን ብቻ ነው የቀረኝ። ብጫነው እማ ትጥዳለች። ዛሬ ትበላለች። በመስኮቱ እንጦጦን አየሁት፤ ጭጋግ ግማሹን ሸፍኖታል።

ጣቴን አነሳሁ። ያሳየችኝን ሌላውን ቁልፍ ነካሁ። መስመሩ ተቀድቶ ገጹ መጨረሻ ላይ ወረደ፣ እዚያ ቆሞ ጠበቀኝ። የድሮው እዛው ላይ ቀረ። የወረደውን አስተካከልኩ። ስሟን አጠፋሁ፤ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ናቸው የሚጠፉት። ከዚያ ጻፍኩ።

«እማ፣ ታምራት ነኝ። ወጣሁ። ሽሮውን ጣጂው።»

አነበብኩት። ግን ገና አልወጣሁም፤ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ተነሳሁ፣ ጃኬቴን ለበስኩ፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ገፋሁ። ቆሜ ተጫንኩት።

«ተልኳል» አለ።

ዮናስ ገጹን ፍላሽ ላይ ገልብጦ ሰጠኝ። እዚህ ላይ ስትከፍተው ጽሑፍ ብቻ ነው አለኝ፤ የፈለግክበት ቦታ ኢንተር በል፣ ምንም አይሄድም። ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። አሁን ወረቀት ሆነ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

የመገናኛ ሰልፍ ረጅም ነበር። መሪ ስደርስ ልጆቹ ሜዳው ላይ ኳስ እየተጫወቱ ነው። አንዱ «ታሜ፣ ሰው ጎሎናል» ብሎ ጮኸ። እናቴ እየጠበቀችኝ ነው አልኩትና አለፍኩ።

ደረጃውን ስወጣ ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። ከጎረቤት ነው ብዬ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ በረታ። ሦስተኛው ላይ በሩን ስከፍት እማ ምድጃው ጋ ቆማለች፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነው፣ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ። ዞራ አላየችኝም።

«ኳሱን ትተህ መጣህ?» አለችኝ።

«ወጣሁ ብዬሽ የለ» አልኳት።

በማማሰያው ድስቱን ነካ ነካ አደረገች። «ነጭ ሽንኩርት እንዴት እንደሚከተፍ ረስቻለሁ» አለች። «በደንብ ባይደቅም እንዲሁ ብላው።»